አንድ ማርክ ያስቀነሰ ዓረፍተ ነገር

ሙሐረቅ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል፤
አውሮፕላን በጣራው ዝቅ ብሎ ያልፋል፣
መደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ይንጫጫል።
ጃሲም የሩዝ ፍሬ በመዳፉ ጠርጎ፣
እርሳሱን ከጆሮው፣ ከጠጉሩ ፈልጎ፣
«ሉባባ፣ ነገ ነው ፈተናው» ይለኛል፤
«የእንግሊዝኛው ዘይቤ ተምታቶብኛል።»

ምንባቡ መርከብ ነው፣ ማዕበል የያዘው፤
ነፋሱ ሹክ ባይ ነው፣ ባሕሩም የራበው።
«ነፋስ አፍ የለውም!» ጃሲም ተቆጣበት።
«ሰውኛ ነው» አልኩት፣
«ግዑዙን ነገር ሰው የሚያደርጉበት።»
ከዚያ ዝም አልኩኝ።
ሰውን ዕቃ ማድረግ ምን ተብሎ ይጠራል?
ያስተማርኩበት መጽሐፍ ይህን መቼ ይላል?

ቀጥሎ፦ «እጅ ሁሉ ወጣ ወደ መርከቧ ላይ።»
«ሌላ አካላቸውስ? እታች ቀረ ወይ?»
«እጅ ሲሉ ሰው ነው፤
ከፊሉን ጠርቶ ሙሉውን ማለት።»
እሱ ሳቀ። እኔ ትዝ አለኝ ያ ዕለት፣
ኤጀንሲው ያነሳኝ ፎቶ፣ ከእግር እስከ ራስ፣
ነጭ ግድግዳ ሥር፣ በተዋስኩት ቀሚስ።
ሙሉ ሰው ነበር የላኩት፤
የተፈለገው ግን እስከ ክርን ድረስ።

«ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ ምንጣፉን ውኃ አታስነኪ!»
ትናንት የተባለው ነው። ጃሲም በጣቱ ቆጠረ፣
«ሦስቴ ነው» አለና «ግነት» ብሎ አሰፈረ።
ጎበዝ ነው፤ ምሳሌ ከቤቱ ይለቅማል፤
ከመጽሐፉ ይልቅ ግድግዳው ያስተምረዋል።

ያኔ ገባች እሷ፣ ኡም ጃሲም፣ ውኃ ልትቀዳ፣
በስልክ እያወራች ከእህቷ ከሁዳ፤
«ሉባባማ» አለች፣ «እንደ ልጄ ናት።»
«ሲሚሊ!» ብሎ ጮኾ ልጇ አቋረጣት፤
«‹እንደ› አለች፣ ሰማሽ? ‹እንደ› ካለ ሲሚሊ ነው።»
ሳቀች፤ ራሱን ዳበሰችው።
እውነቱን ነው ልጁ።
በሦስት ቋንቋ ወስጄ አገላበጥኳት፤
‹እንደ› ትንሽ ቃል ናት፣
በር ናት፣ ቁልፏን በውጭ የሰኩባት።

ከምንባቡ ግርጌ አንድ ምክር ይላል፦
«አድራጊው የጠፋበት ዓረፍተ ነገር ይደክማል።»
ምሳሌ፦ «የአበባው ጠርሙስ ተሰበረ።»
«የሌባ ዓረፍተ ነገር!» አለ ጃሲም፣ «ማን ሰበረ?»
በእኛም ቋንቋ አለች አንዲት ፊደል፣
‹ተ›፣ ስንቱን አድራጊ የምትከልል።
ፓስፖርቴ ተቀመጠ።
ስልኬ እስከ ዓርብ ተወሰደ።
የረመዳን ደሞዜ ወደ ሸዋል ተሸጋገረ።
ኡም ጃሲም ውኃዋን ጠጥታ ሄደች።
ብርጭቆው ታጠበ።

ዓርብ ስልኩ ተመለሰ፤ እህቴ ስትጠይቀኝ
«ደህና ነኝ» አልኳት፤
ግነት ይሁን ምፀት፣ ማንም አላረመኝ።

እሑድ ውጤት መጣ፣ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ።
ጃሲም አኩርፏል፤ ወረቀቱን ወርውሮ ሰጠኝ።
«የተለዋጭ ዘይቤ ምሳሌ ጻፍ» ይላል፤
በወፍራም እርሳስ፣ ተጣሞ፣
«ሉባባ መምህር ናት» ብሏል።
ከጎኑ በቀይ፣ እኔን ከማታውቅ ሴት፦
«ተራ ዓረፍተ ነገር። ምንም ዘይቤ የለበት።»

«አንቺ'ኮ ሠራተኛ ነሽ» አለኝ፣ እንባው ቀርቦ፤
«መምህር ያልኩሽ ለዚሁ፣ ለተለዋጭ አስቤ።»

ስድሳ ሁለት ልጆች፣ ስንጥቅ ጥቁር ሰሌዳ፣
ጠመኔ የነጨው ጣት፣ የቢስቲማ ሜዳ።
ልንገረው ብዬ ነበር፤ አልነገርኩትም።
አንድ ማርክ ነው ያጣው፤ አላስመለስኩለትም።

ወረቀቱን ለመንኩት፤ ከፍራሼ ሥር አለ።
ማን እንደ ሆንኩ የሚል
ሌላ ወረቀት በእጄ የለም።
ሌላው ተቀምጧል።